ያለ ጥላቻ ስለሚደረግ በደል

አንባቢ ሆይ፥ ክርስቲያን የሆነ ሰው ማታ ሥራውን ሲመረምር አስቀድሞ ልቡን የሚጠይቀው ጥያቄ፥ «ዛሬ የጠላሁት ሰው አለን?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ መልካም ነው፤ ጥላቻ የነፍስ ግድያ ሥር እንደ ሆነ ተምረናልና። ነገር ግን በዚህ ጥያቄ ብቻ ራሱን የመረመረ ሰው እርሱ በሰላም ሲተኛ፥ የሠራው በደል ከደጁ ቆሞ ሊያድር ይችላል። በዓለም ከተሠራው በደል ብዙው የተሠራው በጥላቻ አይደለምና። በሐሰት ወሬ፥ በተለመደ ደንብ፥ በጽሕፈት ቤት መዝገብ፥ አንዳንድ ጊዜም በርኅራኄ ስም የተሠራ ነው።

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ ስለ ወደቀው ሰው የተነገረውን ምሳሌ አስታውስ። ካህኑም ሌዋዊውም አይተውት አለፉ። ጠልተውት ነበር የሚል ቃል ግን በምሳሌው ውስጥ አይገኝም። ምናልባት ሁለቱም ለሥራቸው የሚቸኩሉ፥ ደንባቸውን የሚጠብቁ፥ በአገራቸውም የተመሰገኑ ሰዎች ነበሩ። የወደቀው ሰው ግን ከነቍስሉ በመንገድ ዳር ቀረ።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው፤ በልቡ ጥላቻ የሌለበት ሰው አንድን ሕዝብ ሊበድል ይችላልን? የሚችልስ ከሆነ ተጠያቂው ማን ነው? ንስሓውስ ምንድር ነው? ነገሩን በባዶ ቃል እንዳንናገር አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንውሰድ፤ ይኸውም በካናዳ አገር የነባሮቹ ሕዝቦች ታሪክ ነው። የሩቅ አገር ታሪክ የመረጥነው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ የራሳችን ጥቅምና ኩራት ባልገባበት ነገር ላይ ዐይናችን አጥርቶ ያያልና ነው። ሁለተኛው፥ በዚያ አገር የተደረገው ብዙው ነገር በክርስቲያኖች እጅ፥ ከዚያም አልፎ በቤተ ክርስቲያን ስም የተደረገ ስለ ሆነ፥ ክርስቲያን ነኝ የሚል ሁሉ ሊያውቀው ይገባልና ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ ስለ ስም

ካናዳ አውሮፓውያን ሳይደርሱባት ብዙ ሺህ ዓመት ሰው የኖረባት አገር ናት። ነባሮቹ ሕዝቦች ዛሬ በሦስት ወገን ይቈጠራሉ። ቀዳማውያን ሕዝቦች የሚባሉት ክሪ፥ ኦጂብዌ፥ ሞሃውክ፥ ሃይዳ፥ ብላክፉትና ሌሎችም ብዙ ነገዶች ናቸው። በሰሜን በበረዶው አገር የሚኖሩት ኢኑይት ይባላሉ። ከነባሮቹና ከአውሮፓውያን ጋብቻ የተወለዱት፥ ኋላም የራሳቸውን ልማድ ይዘው አንድ ሕዝብ የሆኑት፥ ሜቲ ይባላሉ። በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ሦስቱ ወገኖች ባንድነት 1.8 ሚሊዮን ያህል ነፍስ፥ ማለት ከካናዳ ሕዝብ ከመቶው 5 እጅ ሆነው ተገኝተዋል። ቋንቋቸውም ከ70 ይበልጣል።

እኛ በአማርኛ «ቀይ ሕንዶች» ስንላቸው ኖረናል። ቃሉ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ሐሰት ነው። ሕንዶች የተባሉት፥ በ1492 ኮሎምቦስ ባሕር ተሻግሮ ወደዚያ ክፍለ ዓለም ሲደርስ ወደ ሕንድ አጠገብ የደረሰ ስለ መሰለው ነው። ቀይ የተባሉትም የብዙ ነገድ ሰዎችን መልክ በአንድ ቀለም ለመጠቅለል ነው። እንዲህ የአንድ መርከበኛ ስሕተት ከ500 ዓመት በላይ የሰው መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

«ስም ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው ቢኖር፥ ከስሙ በኋላ የሚመጣውን ይመልከት። ብዙዎቹ ነገዶች በአንድ ስም ከተጠቀለሉ በኋላ ለሁሉም አንድ ጠባይ ተሰጣቸው። ሰነፍ ናቸው ተባለ፤ ሰካራም ናቸው ተባለ፤ እንደ ሕፃን አርቆ ማሰብ የማይሆንላቸው ናቸው ተባለ፤ ሊጠፋ የተቃረበ ዘር ናቸው ተባለ። በዳኛ ፊት ለምስክርነት የሚቆም ሰው፥ «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። ስለ አንድ ሕዝብ ሁሉ የሚመሰክር ሰው ግን ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው የለም፤ ከሚልዮኑ አንዱን ሳያውቅ ስለ ሚልዮኑ ሁሉ ይመሰክራል። በሐሰት መመስከርን የከለከለው ትእዛዝ፥ የተመሰከረበት አንድ ሰው ሲሆን ይሠራል፥ ሕዝብ ሲሆን ግን ይሻራል የሚል አንቀጽ የለውም።

፪ኛ፤ ወሬ ሕግ ሲሆን

በአፍ ያለ ወሬ ተናጋሪው ሲሞት ሊሞት ይችላል። ወሬ ሕግ ሆኖ ከተጻፈ ግን ተናጋሪው ከሞተ በኋላ እንኳ ይሠራል። በ1876 የካናዳ ፓርላማ «የሕንዶች ሕግ» የተባለውን አወጣ። በዚህ ሕግ የቀዳማውያን ሕዝቦች ሰው፥ ሽማግሌ ቢሆን፥ የጦር ጀግናም ቢሆን፥ በሞግዚት እንደሚያድር ሕፃን ተቈጠረ። መንግሥት ከልሎ በሰጠው መሬት ላይ የመንግሥት ሹም ተሾመበት።

ሕጉ እንዴት እንደ ሠራ ለማየት የእርሻን ነገር እንውሰድ። በ1870ዎቹ ዓመታት በምዕራብ የሜዳው አገር የሚኖሩት ነገዶች ከመንግሥት ጋር ውል ሲዋዋሉ፥ የሚተዳደሩበት የዱር ጎሽ እያለቀ ስለ ነበረ፥ የማረሻ መሣሪያና በሬ፥ ዘርም እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ተስፋም ተሰጣቸው። እርሻን የለመኑት እነርሱ ራሳቸው መሆናቸውን አስተውል። የተባለው ዕቃ ዘግይቶና ጐድሎ መጣ። ይህም ሁሉ ሆኖ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ተግተው አረሱ፤ ገንዘብ አዋጥተው የማጨጃ መኪና ገዙ፤ ስንዴያቸውንም ወደ ገበያ አወጡ። በአጠገባቸው የሰፈሩት ነጮች ገበሬዎች ግን፥ መንግሥት የሚረዳቸው ሰዎች ገበያችንን ወሰዱብን ብለው ጮኹ።

በ1889 በሜዳው አገር የሕንዶች ጉዳይ ዋና ሹም የነበረው ሄይተር ሪድ አዲስ ደንብ አወጣ። እርሱ እንደሚለው፥ እነዚህ ሰዎች ወደ ሥልጣኔ መውጣት ያለባቸው ደረጃ በደረጃ ስለ ሆነ፥ በመኪና ከማጨዳቸው በፊት በእጅ ማጨድን ሊለምዱ ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በትንሽ መሬት ላይ በእጅ መሣሪያ ብቻ እንዲሠራ ታዘዘ። ጎረቤቱ በመኪና ሲያጭድ እርሱ ጐንበስ ብሎ በማጭድ ቀረ። የመኸሩ ወራት በዚያ አገር አጭር ነው፤ ውርጩም ቶሎ ይመጣል። እህሉን አድኖ ቢያስገባ እንኳ ያለ ሹሙ የፈቃድ ወረቀት ሊሸጠው አይችልም ነበር። ይህ የሽያጭ ፈቃድ ሕግ ብዙ ዘመን የማይሠራበት ሆኖ ከኖረ በኋላ ከሕግ መጽሐፍ የወጣው በ2014 ነው። ከ1885 ጀምሮ ደግሞ ከክልሉ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ነበር፤ ይህንም ፓርላማ አላወጀውም፤ በሹማምንት ትእዛዝ ብቻ ለብዙ ዓመታት ተሠራበት።

ከዚህ በኋላ ምን ሆነ? ብዙዎች ተስፋ ቈርጠው እርሻውን ተዉ። ያን ጊዜ፥ «እንዳልናችሁ አይደለምን? ሕንድ ሥራ አይወድም» ተባለ። ጥቂት ቈይቶም፥ መሬቱ ጾም አደረ ተብሎ ከክልላቸው ብዙው ለሌሎች ተሸጠ። እግሩን አስሮ «ለምን አይሮጥም?» ማለት ይህ ነው። በ1927 ደግሞ፥ ስለ መሬታቸው ለመሟገት ያለ መንግሥት ፈቃድ ገንዘብ ማዋጣት በሕግ ተከለከለ፤ ይህም እስከ 1951 ጸና። የተበደለ ሰው አቤት የሚልበትን አፉን ሕግ ያዘው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ስንዴውን በመኪና የሚያጭደው ነጭ ገበሬ ጎረቤቱን የግድ መጥላት ነበረበትን? አልነበረበትም። ወሬውን ማመን ብቻ በቃው፤ የቀረውን ሕጉ ሠራለት። ሐሰተኛ ወሬ ሥልጣን ሲያገኝ የራሱን ማስረጃ ይፈጥራል። አስቀድሞ ሰውን ሰነፍ ይለዋል፤ ቀጥሎ እንዳይሠራ ይከለክለዋል፤ በመጨረሻም ሥራ ፈትቶ ሲያየው «ይኸው» ይላል።

፫ኛ፤ በርኅራኄ ስም

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው። በ1880ዎቹ ዓመታት የካናዳ መንግሥት ከአብያተ ክርስቲያናት ጋር ተስማምቶ ለነባሮቹ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤቶችን በየአገሩ ማቆም ጀመረ። ትምህርት ቤቶቹን ያስተዳደሩት ካቶሊኮች፥ አንግሊካኖች፥ ፕሬስቢቴሪያኖች፥ ሜቶዲስቶች፥ ኋላም የካናዳ የተባበረች ቤተ ክርስቲያን ናቸው። በ1920 ልጅን መላክ በሕግ ግዴታ ሆነ። የመጨረሻው ቤት እስከ ተዘጋበት እስከ 1997 ድረስ 150,000 ያህል ልጆች በእነዚህ ቤቶች አለፉ። ልጁ ሲገባ ጠጕሩ ይቈረጣል፤ ብዙ ጊዜም ስሙ ተለውጦ ቍጥር ይሰጠው ነበር፤ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር የተገኘም ይቀጣል። ብዙዎቹ ተርበዋል፥ ተደብድበዋል፥ በሰውነታቸውም ነውር ተሠርቶባቸዋል።

በ1907 የመንግሥት ሐኪም የነበረው ፒተር ብራይስ በሜዳው አገር ያሉትን ትምህርት ቤቶች መረመረ። ስለ 1,537 ተማሪዎች ከተሰጠው ቃል ሩብ የሚያህሉት መሞታቸውን ጻፈ፤ መዝገቡ በትክክል ከተያዘበት አንድ ትምህርት ቤት ደግሞ ከወጡት ተማሪዎች ከመቶው 69 እጅ ሞተው ነበር። ብዙውን የገደለው የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ጥፋቱ ግን በጠባብና አየር በሌለው ቤት የታመመውን ከጤነኛው ጋር ማስተኛት ነበር። ብራይስ መድኃኒቱን አመለከተ፤ መሥሪያ ቤቱ ወጪውን አይቶ ተወው። ከሥራ ከተገለለ በኋላ በ1922 ነገሩን «የአንድ ብሔራዊ ወንጀል ታሪክ» ብሎ አሳተመ። በእነዚያ ቤቶች የሞቱት ልጆች እስካሁን በስም ተመዝግበው የታወቁት ብቻ ከ4,000 ይበልጣሉ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። ከመምህራኑ ብዙዎቹ አገራቸውንና ዘመዶቻቸውን ትተው፥ ብርዱን ታግሠው፥ በጥቂት ደመወዝ የሠሩ ሰዎች ነበሩ። ስለ ልጆቹ ይጸልዩ ነበር። ልጆቹን እንጠላለን ያለ ከመካከላቸው አይገኝ ይሆናል። ነገር ግን ሥራው ሁሉ የቆመው በአንድ የሐሰት ቃል ላይ ነበር፤ ይኸውም በዚህ ልጅ እናት ቤት አንድም መልካም ነገር የለም የሚል ቃል ነው። ከናዝሬት መልካም ነገር ይወጣ ዘንድ ይችላልን ብሎ የተጠራጠረ ሰው እንደ ነበረ ታውቃለህ። እርሱ ግን መጥተህ እይ ሲባል ሄዶ አየ። እነዚህ ሳያዩ ፈረዱ፤ ከፈረዱም በኋላ ለማዳን ተነሡ።

የሚወድዱትን ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ሳይጠይቁት መውደድ አደገኛ ፍቅር ነው። በበግ ወይም በላም ላይ ልናደርገው እንችል ይሆናል፤ በሰው ላይ ግን አይገባም። እናቱን የናቀ ሰው፥ «ልጇን አከብራለሁ» ቢል ቃሉ አይታመንም።

፬ኛ፤ መዝገብ ሲበድል

«ይህ ያለፈ ዘመን ነገር ነው» የምትል ከሆነ፥ በዘመናችን የሆነውን ስማ። በማኒቶባ አውራጃ ከክሪ ወገን የተወለደ አንድ ሕፃን ከባድ ሕመም ይዞ ስለ ተወለደ በሆስፒታል አደገ። ሁለት ዓመት ሲሞላው ሐኪሞች ወደ ቤት ሄዶ በቤቱ ሊታከም ይችላል አሉ። ሌላ የካናዳ ልጅ ቢሆን የአውራጃው መንግሥት ይከፍልለት ነበር። ይህ ልጅ ግን ከቀዳማውያን ሕዝቦች ስለ ሆነ፥ «የሚከፍለው ማዕከላዊው መንግሥት ነው»፥ «የለም፥ አውራጃው ነው» እየተባለ ከሁለት ዓመት በላይ ተጻጻፉበት። ልጁም አንድ ቀን እንኳ በቤተ ሰቡ ቤት ሳያድር በ2005 በ5 ዓመቱ በሆስፒታል ሞተ። በ2007 ፓርላማ፥ አስቀድሞ ልጁ ይረዳ፥ ስለ ክፍያው ኋላ ይነጋገሩ የሚለውን በልጁ ስም የተጠራ ደንብ ተቀበለ። በ2016 ደግሞ የካናዳ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት፥ መንግሥት በክልል መሬት ለሚኖሩ ልጆች መጠበቂያ የሚሰጠውን ገንዘብ በማሳነሱ አድልዎ አድርጓል ብሎ ፈረደ።

በዚህ ነገር ጠላቱ ማን ነበር? ደብዳቤ የሚጽፉት ጸሓፊዎች ልጁን አልጠሉትም፤ ምናልባትም ፊቱን አላዩም። እያንዳንዱ ደንቡን ጠበቀ፤ ልጁም በደንቦቹ መካከል ወድቆ ቀረ። ካህኑና ሌዋዊው እንዲህ አልነበሩምን?

የውኃን ነገር ደግሞ ተመልከት። ካናዳ በሐይቅና በወንዝ ብዛት ከዓለም አገሮች ሁሉ ከቀዳሚዎቹ ናት። ይሁን እንጂ በኦንታሪዮ አውራጃ የምትገኘው ኔስካንታጋ የምትባል የቀዳማውያን ሕዝቦች መንደር፥ ከ1995 ጀምሮ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ውኃዋን ሳታፈላ መጠጣት አልቻለችም። ለአውራጃው ከተሞች የሚሠራው የውኃ ሕግ በክልል መሬት ላይ አይሠራም ነበርና። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረታችን ለእነርሱ የተተረተ ይመስላል።

ወሬና መዝገብ ሲገናኙ ደግሞ እንዲህ ይሆናል። በ2008 በዊኒፔግ ከተማ ሁለት እግር የሌለው፥ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አንድ የነባር ሕዝብ ሰው የሐኪም ደብዳቤ ይዞ ወደ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ሄደ። በቀላሉ ሊድን የሚችል የፊኛ ሕመም ነበረበት። በመጠበቂያው ክፍል 34 ሰዓት ተቀመጠ። አስታወከ፤ አጠገቡ የነበሩ ሰዎች ስለ እርሱ ተናገሩ፤ ሠራተኞቹ ግን አንዳንዱ ሰክሯል፥ አንዳንዱ ማደሪያ ፈልጎ ነው፥ አንዳንዱም ታክሞ የሚያርፍ ነው ብሎ አለፈው። በመጨረሻ ሲያዩት ሞቶ ነበር። በ2020 ደግሞ በኬቤክ አውራጃ ከአቲካሜክ ነገድ የሆነች የሰባት ልጆች እናት በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለች ሠራተኞች ሲሰድቧት ድምፃቸውን ራሷ ቀርጻ አስቀረች፤ በዚያው ቀን ሞተች። የሞቷን ምክንያት የመረመረችው ሹም፥ የዘር ንቀት ለሞቷ አስተዋጽኦ እንዳደረገ በ2021 ጻፈች።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ተገኘ። በልቡ ጥላቻ የሌለበት ሰው አንድን ሕዝብ ሊበድል ይችላል፤ ሊገድልም ይችላል።

፭ኛ፤ ስለ ሦስት መከራከሪያዎች

አንዱ፥ «ነገር ግን ከእነርሱ ሰካራም በዐይኔ አይቻለሁ፤ ያየሁትን ብናገር ሐሰት ነውን?» ይላል። ሰካራም የሌለበት ሕዝብ የለም። ነጩ ሲሰክር በገዛ ስሙ ይጠራል፤ ሌላው ሲሰክር ግን በነገዱ ስም ይጠራል፤ ሐሰቱ ያለው በዚህ ላይ ነው። ከዚህም ሌላ፥ ቀዳማውያን ሕዝቦች በ2002 እና በ2003 ራሳቸው ባስጠኑት የጤና ጥናት፥ መጠጥ ፈጽሞ የማይቀምሱ ሰዎች ከሌላው የካናዳ ሕዝብ ይልቅ በእነርሱ ዘንድ እንደሚበዙ ታውቋል። ይህን ግን ማን ያወራዋል? በመንገድ የወደቀው ይታያል፤ በቤቱ ውኃ የሚጠጣው አይታይም። ከሚጠጡትም ብዙዎቹ በልጅነታቸው ከእናታቸው እቅፍ የተነጠቁ መሆናቸውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው፥ «ይህን ያደረጉት አባቶቼ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም» ይላል። እውነት ነው፤ ልጅ የአባቱን ኀጢአት አይሸከምም። ነገር ግን አባቱ ሰርቆ ያመጣውን በሬ የወረሰ ልጅ፥ ሳያውቅ ያረሰበት ጊዜ ሌባ አይባልም፤ የበሬው ባለቤት መጥቶ ምልክቱን ከነገረው በኋላ ግን ጠምዶ ቢያርስበት፥ ከዚያች ቀን ጀምሮ ስርቆቱ የራሱ ነው። ያልሠራኸው በደል ፍሬውን እያወቅህ ስትበላ ያንተ ይሆናል።

ሦስተኛው፥ «በደሉ የሥርዐቱ ነው ካላችሁ እንግዲያስ የሚጠየቅ ሰው የለም» ይላል። ይህ የሁሉ የበለጠ መሸሸጊያ ነው። ሥርዐት እጅ የለውም። ትእዛዙን አንድ ሰው ጽፎታል፤ አንድ ሰው ማኅተም አድርጎበታል፤ አንድ ሰው ፈጽሞታል፤ ብዙ ሰዎችም አይተው ዝም ብለዋል። «ዘመኑ እንዲያ ነበር» የሚለውም ቃል አያድንም፤ ሐኪሙ ብራይስ በዚያው ዘመን፥ በዚያው መሥሪያ ቤት፥ ያንኑ መዝገብ አይቶ እውነቱን ተናግሯልና። አንዱ ካየው ሌሎቹም ሊያዩት ይችሉ ነበር። የበደሉ ሸክም በብዙ ትከሻ ላይ ስለ ተከፋፈለ ቀለለ እንጂ አልጠፋም፤ እያንዳንዱም ስለ ድርሻው ይጠየቃል።

፮ኛ፤ ስለ ንስሓ

ቀራጩ ዘኬዎስ ግብር የሚሰበስበው በመንግሥት ሥልጣን ነበር፤ ሥራው በሕግ የተፈቀደ ነበር። ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ግን፥ «ማንንም አልጠላሁም» ብሎ አልተመጻደቀም፤ «ደንቡ ነው» ብሎም አላመካኘም። መዝገቡን ከፈተ፤ በግፍ የወሰደውንም አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ተነሣ። የጥላቻ ንስሓ በልብ ይጀመራል፤ የሥርዐት በደል ንስሓ ግን በመዝገብ ካልተፈጸመ ንስሓ አይባልም።

በካናዳ ይቅርታ መጠየቅ የጀመሩት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። የተባበረችው ቤተ ክርስቲያን በ1986፥ አንግሊካኖች በ1993፥ ፕሬስቢቴሪያኖች በ1994 ይቅርታ ጠየቁ። መንግሥት በ2008 በፓርላማ ጠየቀ፤ ፖፕ ፍራንሲስም በ2022 ወደዚያ ሄደው ጠየቁ። ዳኛው መሪ ሲንክሌር የመሩት የእውነትና የዕርቅ ጉባኤ የብዙ ሺህ ሰዎችን ምስክርነት ሰምቶ፥ በ2015 ሊደረግ የሚገባውን በ94 ነጥብ ዘርዝሮ አቀረበ። ዝርዝሩ ስለ ሕፃናት ጥበቃ፥ ስለ ትምህርት፥ ስለ ቋንቋ፥ ስለ ጤና፥ ስለ ፍርድ ነው፤ ማለት ስለ መዝገቡ ነው። ከነጥቦቹ ብዙዎቹ ገና አልተፈጸሙም። የነባሮቹ ቍጥር ከአገሩ ሕዝብ ከመቶው 5 እጅ ሲሆን፥ በማዕከላዊው መንግሥት ወኅኒ ቤቶች ካሉት እስረኞች ሢሶ ያህሉ እነርሱ ናቸው።

ስለ መጀመሪያው ይቅርታ አንድ ነገር ልንገርህ። በ1986 በሳድበሪ ከተማ ይቅርታ በተጠየቀ ጊዜ የነባሮቹ ሽማግሌዎች በትሕትና አደመጡት፤ በ1988 መልሳቸውን ሲሰጡም ቃሉን ሰምተናል አሉ እንጂ ተቀብለናል አላሉም። ለመታሰቢያ የተሠራው የድንጋይ ክምርም ሆነ ተብሎ ሳይፈጸም ተተወ፤ ይቅርታው በሥራ እየተገለጠ የሚሞላ ነውና። ይህ ጥበብ ነው። ይቅርታ መጠየቅ የንስሓ ደጃፍ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። የበደለ ሰው በደጃፉ ቆሞ፥ «ገብቻለሁ» ሊል አይገባውም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር እኛን አይነካንም አትበል። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በቶሮንቶ፥ በካልጋሪ፥ በኤድመንተን፥ በዊኒፔግ ይኖራሉ። አዲስ ገብ እንጀራ ሳያገኝ ወሬ ያገኛል፤ «ነባሮቹ ግብር አይከፍሉም፥ መንግሥት በነጻ ያኖራቸዋል» የሚለውን ከሌሎች ሰምቶ እንደ ራሱ ዕውቀት ያወራል። እውነቱ ግን፥ ከግብር ነጻ መሆን በሕግ ለተመዘገቡ የቀዳማውያን ሕዝቦች ሰዎች በክልል መሬት ላይ ላለ ንብረትና ገቢ ብቻ ነው፤ ኢኑይትና ሜቲ እንደ ማንኛውም ሰው ይከፍላሉ። ከ2021 ጀምሮ የካናዳን ዜግነት የሚቀበል ሰው በመሐላው ውስጥ የነባሮቹን ሕዝቦች መብት የሚያውቀውን ሕገ መንግሥት ሊጠብቅ ይምላል። በእጁ መሐላ፥ በአፉ ሐሜት የያዘ ሰው በሁለት ልብ የሚሄድ ነው።

ወሬውንም ለመቀበል የምንፈጥነው ልማዱን ከቤታችን ይዘን ስለ ወጣን ነው። ማረሻውን ቀጥቅጦ የሚሰጠንን «ጠይብ»፥ ቆዳ የሚያለፋልንን «ፋቂ» ብለን ንቀን፥ ቡዳ ነው እያልን ከማዕዳችንና ከጋብቻችን አርቀን ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ መልካም ነበር፤ ስድቡ ግን ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ቀረ፤ ይህን አፍ የሚዘጋው ባለቤቱ ራሱ ነውና።

ስለዚህ ማታ ራስህን ስትመረምር፥ «የጠላሁት ሰው አለን?» ብለህ ከጠየቅህ በኋላ እነዚህን ደግሞ ጨምር። ስለ አንድ ሕዝብ ዛሬ የተናገርሁት ያየሁት ነው ወይስ የሰማሁት? የምሠራበት ደንብ የሚያስቀረው ሰው ማን ነው? ፊቱንስ አይቼዋለሁን? ለእርሱ መልካም ነው ብዬ የወሰንሁለትን ነገር ራሱን ጠይቄዋለሁን? በእጄ ካለው ነገር ባለቤቱ ምልክቱን የነገረኝ አለን? ተማሪ ብትሆን ነገ ጸሓፊ፥ ሐኪም፥ መምህር፥ ዳኛ ትሆናለህ፤ ብዕርና ማኅተምም በእጅህ ይገባል። ያን ጊዜ በልብህ ጥላቻ አለመኖሩ ብቻ አይበቃህም። በመንገድ ዳር የወደቀው ሰው ያለፉት ሰዎች ልብ ንጹሕ ቢሆን ባይሆን አልጠቀመውም፤ የጠቀመው ከአህያው ወርዶ ቍስሉን ያጠበለትና ያሰረለት ነው።